ከቢሮ የተሰናበተ ፔንቲየም

ስለ ድሮ የኮምፒውተር ጌም ናፍቆት በየድረ ገጹ የሚጻፈው አብዛኛው የሰው አገር ናፍቆት ነው። ኮሞዶር 64፣ ዜድኤክስ ስፔክትረም፣ አሚጋ 500፤ በ1980ዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ልጆች ሳሎን ውስጥ የነበሩ ማሽኖች። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አዲስ አበባ ያደገ ሰው «የድሮ ጌም» ሲባል ትዝ የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ ኬዝ፣ ጀርባው ጠረጴዛውን የሚሞላ ሞኒተር፣ ዊንዶውስ 98፣ ከእጅ ወደ እጅ የተገለበጠ ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ፣ ዴንጀረስ ዴቭ፣ ፊፋ 98፣ ኒድ ፎር ስፒድ፣ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ። ማሽኑ ለጌም ተብሎ የተገዛ አልነበረም። ቀን ደብዳቤ ሲጻፍበት ይውላል፤ ጌሙ የሚከፈተው አለቃ ሲወጣ ወይም የማሰልጠኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ነው።

እናም የድሮ ጌም በድሮ ማሽን መጫወት ያማረው የአዲስ አበባ ሰው መሥራት ያለበት ያንኑ የቢሮ ማሽን ነው እላለሁ። የውጭ ሰብሳቢዎች የሚያሳዩትን ውድ ካርድ አስመጥቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ እዚህ ማንም አይቶት የማያውቀውን ማሽን መገጣጠም የሰውን ትዝታ መዋስ ነው። የቢሮው ፔንቲየም (የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር ያለው ማሽን) ደግሞ ዛሬም አለ። ሰው ከመሃል ከተማ ወደ ጀሞ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ለገጣፎ ሲወጣ ዕቃው አብሮ ተጭኗል፤ ከአልጋ ሥር ወይም በረንዳ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ የቀረው ጥቂት አይደለም። የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍሎችም ጨረታ እስኪወጣ ድረስ ዓመታት ያስቀምጡታል።

በቅድሚያ እውነቱን እንነጋገር። ጌሙን ብቻ የሚፈልግ ሰው ዶስቦክስን፣ ማለትም የድሮ ማሽን የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ላፕቶፑ ላይ ይጫንና ይገላገል። ነፃ ነው፣ ይሠራል፣ መብራት ቢሄድም በባትሪ ይቀጥላል። በዚያ የማይገኘው ሞኒተሩ ነው።

በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሥርዓት) ዘመን የወጡ እጅግ ብዙ ጌሞች የሚስሉት በ320 በ200 ነጥብ ነው። ያ ምስል 4 ለ 3 የሆነውን መስታወት ሞልቶ ስለሚዘረጋ እያንዳንዱ ነጥብ ካሬ አይደለም፤ ቁመቱ ከወርዱ በ20 ከመቶ ይበልጣል። ላፕቶፕ ላይ ካሬ ሆኖ ሲወጣ የፕሪንሱ ሰውዬ አጥሮ ወፍሮ የሚታየው ለዚህ ነው። ከዚያ የሚብሰው የፍጥነቱ ጉዳይ ነው። የቪጂኤ ካርዱ ይህን ምስል በሰከንድ 70 ጊዜ ይልካል፤ ዛሬ በየቤቱ ያለው ጠፍጣፋ ሞኒተር በአብዛኛው የሚያሳየው 60 ጊዜ ነው። ከየሰባቱ ምስል አንዱ ይጣላል ማለት ነው። በ1993 የወጣው ዱም በሰከንድ ቢበዛ 35 ምስል ይስላል፤ የ70 እኩሌታ። በአሮጌው ሞኒተር እያንዳንዱ ምስል እኩል ሁለት ሁለት ጊዜ ይታያል። በ60 ላይ ግን አንዱ ሁለቴ፣ ሌላው አንዴ ይሆንና ኮሪደሩ ላይ ስትዞር ምስሉ ይንገዳገዳል። ብዙ ሰው «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ዕድሜውን ይጠረጥራል፤ ልክ ነው፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም።

ስለዚህ አደኑ ከሞኒተር ይጀመር። ኬዝና ማዘርቦርድ ቢጠፋ ይተካል፤ ባለ ቱቦ ሞኒተር ግን በየወሩ እያለቀ ያለ ዕቃ ነው፤ የሚጨርሰው ደግሞ መዳቡ ነው። ቆራሌው ሞኒተር የሚገዛው በአንገቱ ዙሪያ ለተጠመጠመው ጥቅልና በመስታወቱ ዙሪያ ለሚዞረው የዲጋውስ (በቱቦው ላይ የተጠራቀመ ማግኔትን የማጥፊያ) ሽቦ ነው፤ ምናለሽ ተራ ከመድረሱ በፊት ገመዱ ተቆርጦ፣ አንገቱ ተሰብሮ ያልቃል። ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚዞረውን ቆራሌ አስቀድሞ ማናገርና ሳይከፈት ይዞት እንዲመጣ ከመዳቡ ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጎ መስማማት መርካቶ ገብቶ ከመፈለግ ይሻላል።

ሞኒተር ሲቀርብልህ መብራት ባይኖርም የምታየው ነገር አለ። በጀርባው ቀዳዳዎች የስልክህን መብራት አስገባ። ቀጭኑ የመስታወት አንገት ላይ፣ ከውስጥ በኩል ተለጥፎ፣ መስታወት መስታወት የሚል የብርማ ጥላ ይታያል። ብርማነቱን ካልለቀቀ ቱቦው አየር አላስገባም። ያ ጥላ ነጭ ሆኖ ከደበዘዘ አንገቱ ተሰንጥቆ አየር ገብቷል፤ በነፃ ቢሰጥህም አትውሰደው። ገመዱ ብቻ የተቆረጠ ከሆነ ግን ደስ ይበልህ፤ በርካሽ ታገኘዋለህ፣ ጥገናውም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሞኒተሩን ከማሽኑ ጋር ከሚያገናኘው ስፒና 15 እግሮች 1 ቀይ፣ 2 አረንጓዴ፣ 3 ሰማያዊ ናቸው፤ 6፣ 7 እና 8 የሦስቱ መመለሻ፤ 13 የአግድም፣ 14 የቁም ማመሳሰያ፤ 5 እና 10 መሬት። ሦስቱን ቀለማት የሚሸከሙት ሽቦዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጥልፍ ልባስ አላቸው፤ ያ ልባስ ተላጥቶ ተጥሎ በአንድ ሽቦ ብቻ ከተያያዘ ከፊደሎቹ ጎን ጥላ ይወጣል። ቀለም ብታሳስት ፊቱ ሰማያዊ የሆነ ተጫዋች ታያለህ እንጂ ምንም አይቃጠልም። 13 እና 14 ከተቀያየሩ ሞኒተሩ ምስል አይሰጥም፣ ይተኛል።

መስታወቱ ማዕዘን ላይ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ጥላ ካለ መጀመሪያ ስፒከሩን ከጎኑ አርቅ፣ ከዚያ ዲጋውስ የሚለውን ቁልፍ ተጫን፤ ቁልፍ ከሌለው አጥፍተህ ሃያ ደቂቃ ያህል አቆይና አብራ። ጥላው ትንሽ ከቀረ ግን ብዙ አትታገል። የምድር ማግኔት በቱቦው ውስጥ የሚሄደውን ጨረር ይገፋል፤ ለዚህም ሲባል ጥሩ ጥሩ ሞኒተሮች ለሰሜን፣ ለደቡብና ለምድር ወገብ አካባቢ ተለይተው ይስተካከሉ ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ ከማግኔታዊው የምድር ወገብ አጠገብ ናት። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957 እና 58፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ የተቋቋመውም ቦታው ለዚህ ስለተመቸ ነው። ለአውሮፓ ተስተካክሎ የተሠራ ሞኒተር እዚህ ማዕዘኑ ላይ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም።

ሽፋኑን መክፈት ግን የማንም ሥራ አይደለም። ቱቦው ውስጥ 25,000 ቮልት ገደማ አለ፤ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል። ምስሉ ከጠበበ፣ ከታጠፈ ወይም ጥስስ የሚል ድምፅ ከመጣ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ባለሙያ ፈልግ፤ ዕድሜው የገፋ ከሆነ ሥራውን ያውቀዋል፤ ወረፋም የለበትም።

ቀጥሎ መብራት። በከተማ ዳር የድሮ ማሽን ገዳዩ ይህ ነው፤ ገና ሳጥኑ ሲመጣ ይጀምራል። ከፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ለማሽኑ ቀይሮ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ጀርባ 115 ወይም 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አለ። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ ማሽን 115 ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንደዚያው 220 ውስጥ ከተሰካ ውስጡ ያለው እጥፍ ማድረጊያ ቮልቴጁን ከ600 በላይ ሊያደርስ ይሞክራል፤ የሚቀበሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 200 ቮልት የሚችሉ ሁለት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ በርሜል መሳይ ዕቃዎች) ናቸው። ጧ ይልና ቤቱ ይሸታል። ስለዚህ ስፒናውን ከማየትህ በፊት ማንሸራተቻውን እይ።

ዓመታት የተቀመጠ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሰካም። ባለ ሽቦው አሮጌ አምፖል ያስፈልጋል፣ 60 ወይም 100 ዋት (አዲሱ ኤልኢዲ አይሆንም)። ፌዙ መጀመሪያ በአምፖሉ አልፎ ነው ወደ ፓወር ሰፕላዩ እንዲገባ የሚታሰረው። ኬዙ ውስጥ ምንም ሳይገናኝ፣ አንድ የማታዝንለትን ሃርድ ዲስክ ብቻ እንደ ሸክም አንጠልጥለህ ሰካ፤ በዘመኑ የነበሩት ብዙዎቹ ያለ ሸክም ወይ አይነሱም ወይ የተሳሳተ ቮልት ይሰጣሉ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጡ ተገናኝቷል፤ አምፖሉ ባይኖር ኖሮ የሚነደው ሌላ ነገር ነበር። ከዚያ ነቅለህ አምፖሉን አውጣና በቀጥታ ሰክተህ በቴስተር ለካ። ኤቲኤክስ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከሆነ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ ስታገናኝ ይነሳል። ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.46 ቮልት መሆን አለበት። አሮጌው ኤቲ ዓይነት ከሆነ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገቡት ሁለት ስፒናዎች ናቸው፤ ጥቁር ሽቦዎቻቸው መሃል ላይ ጎን ለጎን ካልሆኑ ቦርዱ ይሞታል።

ፓወር ሰፕላይ በአዲስ ሲተካ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ የፔንቲየም 3 ዘመን ማሽን ብዙውን ኃይል የሚበላው ከ5 ቮልቱ ነው፤ አዲሶቹ ደግሞ የሚበረቱት በ12 ላይ ነው። ከጎኑ ያለውን ጽሑፍ አንብብና 5 ቮልቱ 20 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ የሚለውን ምረጥ። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ከ1998 አካባቢ ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የወጡ ብዙ የዴል ማሽኖች ስፒናቸው መልኩ ኤቲኤክስ ሆኖ የሽቦው አሰላለፍ የራሳቸው ነው። ልክክ ብሎ ይገባል፣ ቦርዱን ይዞት ይሄዳል። የሽቦዎቹን ቀለም ከተለመደው ጋር ሳታነጻጽር አትሰካ።

ማሽኑ ከተነሳ በኋላም መብራቱ አይተውህም። በትራንስፎርመሩ መስመር ጫፍ ላይ ባለ ሰፈር፣ ሰው ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሞኒተሩ ያሳብቃል፦ ጎረቤት ምጣዱን ሲያበራ ምስሉ ይጠባል፣ ሲያጠፋ ይሰፋል። ስታቢላይዘር ለዚህ ይረዳል። ዩፒኤስ ከሆነ የማሽኑን ሳጥን ብቻ ሰካበት። ባለ 17 ኢንቹ ሞኒተር ራሱ 100 ዋት አካባቢ ይበላል፣ ሲበራ ደግሞ የዲጋውሱ ጥቅል ለአፍታ ብዙ ስለሚስብ ትንሿን ባለ 650 ዩፒኤስ ሊጥላት ይችላል። ሞኒተሩ ቢጠፋ ምንም አይጎዳም፤ ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መቋረጥ ነው የዊንዶውስ 98ን ፋይል የሚያበላሸው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ለጥቂት ደቂቃ ስፒናው ተነቅሎ ይቆይ፤ የመጀመሪያው ምት አይታመንም።

ከፍታችንም የራሱ ድርሻ አለው። በ2,400 ሜትር አየሩ ከባሕር ወለል በ20 ከመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ማራገቢያ ደግሞ ዘይቱ ደርቋል። ተለጣፊውን ወረቀት ላጥ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርግ፣ መልሰህ ለጥፍ። የፕሮሰሰሩን የደረቀ ፓስታ ጠርገህ አዲስ ቀባ። የበጋ አቧራ ብቻውን ሙቀት ያፍናል፤ ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ሲቀር ግን ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ስለዚህ መጥረጊያው ወቅት ግንቦት ነው፣ ዝናቡ ሳይገባ።

ማዘርቦርዱ ላይ በመጀመሪያ ዓይን የሚሄደው ካፓሲተሮቹ ላይ ነው። ከ1999 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት የተሠሩ ብዙ ቦርዶች መጥፎ ካፓሲተር ደርሷቸዋል፤ አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ፈልግ። ምልክቱ ዊንዶውስ ሲጫን በየጊዜው በተለያየ ቦታ መቆም ነው። የሚተካው ተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ ተመሳሳይ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚል፣ ውስጣዊ ተቃውሞው ዝቅተኛ የሆነ ነው፤ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የተነቀለ ተራ ካፓሲተር ቢነሳም አይቆይም። ከፔንቲየም በፊት በነበረው በ486 ቦርድ ላይ ደግሞ ሰማያዊ በርሜል መሳይ ባትሪ ካለ ሳትውል ሳታድር ቁረጠው። የሚያፈሰው አልካሊ ነው፤ መዳቡን ይበላል፣ አረንጓዴ ያደርጋል። በአቼቶ በተነከረ ጥጥ ጥረገው፣ አረፋው ሲያበቃ በንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻ በአልኮል፤ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ከፋርማሲ የምናገኘው አልኮል ብዙውን ጊዜ 70 ከመቶ ነው፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ አንድ ቀን ሳይቆይ መብራት አይነካውም። የራምና የካርድ ወርቃማ ጠርዝ ግን አልኮልም አያሻው፤ የተማሪ ላጲስ ይበቃል።

ሃርድ ዲስክ አሮጌውን አትመን። አርባ እግር ካለው ገመድ ጋር የሚስማማ የኮምፓክት ፍላሽ ወይም የኤስዲ ካርድ ማስተላለፊያ ርካሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ጌሙንም ከላፕቶፕ በካርድ ማንበቢያ በቀጥታ ትገለብጥበታለህ። ትልቅ ካርድ መግዛት ግን ብክነት ነው፦ የ486 ዘመን ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ከ504 ሜጋባይት በላይ አያይም፣ ከዚያ በኋላ የመጡት 8 ጊጋ ላይ፣ ሌሎቹ 32 ጊጋ ላይ ይቆማሉ። ባለ 4 ወይም ባለ 8 ጊጋ ካርድ ከበቂ በላይ ነው። ዶስ 6.22 አንዱን ክፍልፋይ ከ2 ጊጋ በላይ ስለማይቀበል ካርዱን መከፋፈል ግድ ነው፤ ክፍልፋዩን «አክቲቭ» ማድረግ ከተረሳ ሁሉም ነገር ተጭኖ ማሽኑ አይነሳም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ የሆነ ኮምፓክ ከሆነ የባዮሱ ማስተካከያ ፕሮግራም ራሱ ሃርድ ዲስኩ ላይ በተደበቀ ክፍል ነው ያለው፤ ሳታይ ከደመሰስከው ማስተካከያህ አብሮ ይጠፋል። በነገራችን ላይ አሮጌው ዲስክ ከተነሳ ውስጡ የሰው ደመወዝ ዝርዝርና የቢሮ ደብዳቤ ይኖራል። አትመልከተው፣ ደምስሰው።

አሁን ድምፅ፤ ሰው ሁሉ ተስፋ የሚቆርጥበት። የዶስ ጌም ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚነጋገረው በዊንዶውስ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ነው፤ ጌሙ የሚያውቀው ቋንቋ ደግሞ በአብዛኛው የሳውንድ ብላስተር ነው። ስለዚህ ለዶስ ከተባለ ቢያንስ አንድ ረጅም ጥቁር የአይኤስኤ (የድሮ ካርድ መሰኪያ) ማስገቢያ ያለው ቦርድ ያስፈልጋል፤ በ1998 የመጣው የኢንቴል 440ቢኤክስ ቺፕ ያለበት ቦርድ አይኤስኤም፣ የስክሪን ካርድ የሚሰካበት ኤጂፒም ስላለው ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው። ካርዱ ሳውንድ ብላስተር 16 ቢሆን ጥሩ፣ ባይሆንም ከቺፖቹ አንዱ ላይ ዋይኤምኤፍ 262 የሚል የያማሃ ጽሑፍ ካየህ ሙዚቃው ትክክለኛው ነው። ቅንብሩ በብዛት የሚሠራው ይህ ነው፦ አድራሻ 220፣ አይአርኪው (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር) 5፣ ዲኤምኤ (ድምፁ ከራም በቀጥታ ወደ ካርዱ የሚሄድበት መስመር) 1፣ ከፍተኛው ዲኤምኤ 5። አይአርኪው 7ም ይሆናል፣ ግን የፕሪንተሩ ፖርት ስለሚጋራው ችግር ይጠራል፤ ፕሪንተር ከሌለ ፖርቱን ባዮስ ውስጥ ዝጋው። እነዚህኑ ቁጥሮች ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው በአውቶኤግዜክ ፋይሉ ውስጥ በብላስተር መስመር መጻፍ፣ ከዚያም በጌሙ ሴትአፕ መድገም ነው።

ስህተቱን በጆሮ ታውቀዋለህ። ሙዚቃው ደህና ሆኖ የተኩሱ ድምፅ ከጠፋ ዲኤምኤውን ጠርጥር። የመጀመሪያዋ ቁራጭ ድምፅ እየተደጋገመች ከቀረች አይአርኪው ተሳስቷል፤ ካርዱ «ጨርሻለሁ፣ ቀጥል» ይላል፣ የሚሰማው የለም። ጭራሽ ዝም ካለ አድራሻው ነው። እንደ ኩዌክና ቱም ሬይደር ያሉት የ1996 ጌሞች ደግሞ ሙዚቃቸው ከሲዲው ላይ እንደ ተራ ዘፈን ነው የሚጫወተው፤ ከሲዲ ድራይቩ ጀርባ ወደ ድምፅ ካርዱ የምትሄደዋ ቀጭን ገመድ ከሌለች ጌሙ ያለ ሙዚቃ ይሄዳል። ይህች ገመድ በቢሮ ማሽን ውስጥ ብዙ ጊዜ የለችም፤ ቢሮ ምን ያደርግላታል። እዚህ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር የነበረው ቅጂም ፊልሙና ሙዚቃው ተቆርጦ ያነሰ ነበርና፣ ሙሉውን ሲዲ ያገኘ ሰው የልጅነት ጌሙን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሰማ ይችላል። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ዝምታውን ለምዶት ነበር።

ስለ ስክሪን ካርድ ብዙ አልልም። ጂፎርስ 2 ኤምኤክስ ወይም ቲኤንቲ 2 ካለ ይበቃል፤ ቩዱ ካርድ ለቢሮ ማሽን ትዝታ አያስፈልግም። ራም ከ128 እስከ 256 ሜጋባይት፤ ዊንዶውስ 98 ከ512 በላይ ሲሰጠው ይደናገራል።

አንዳንድ ጌም ደግሞ ማሽኑ ስለፈጠነ ይበላሻል። የ1990ው ዊንግ ኮማንደር ፍጥነቱን ከፕሮሰሰሩ ስለሚወስድ በፔንቲየም ላይ መርከቦቹ ብልጭ ብለው ያልፋሉ። በቱርቦ ፓስካል የተጻፉ ትንንሽ ጌሞች ደግሞ ከ200 ሜጋኸርዝ ገደማ በላይ ገና ሲከፈቱ «ራንታይም ኤረር 200» ብለው ይወጣሉ፤ ሲነሱ የማሽኑን ፍጥነት ይለካሉ፣ ቁጥሩ ከቦታው በላይ ይሆናል፣ ስሌቱ ይፈነዳል። መድኃኒቱ ባዮስ ገብቶ የፕሮሰሰሩን የውስጥ ካሽ (ፈጣኑን የቅርብ ማስታወሻ) መዝጋት ነው። ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ ካሹ ሲዘጋ ወደ 386 (ከ486 በፊት የነበረው) ፍጥነት ይወርዳል፤ ለዚህ ጨዋታ ከፔንቲየም 3 ይልቅ እሱን የምመርጠው ለዚህ ነው።

የድሮ ሲዲና ፍሎፒ ከማስገባትህ በፊት ይዘቱን አዲስ ላፕቶፕ ላይ በጸረ ቫይረስ ፈትሽ። በ1998 የተነሳው ሲአይኤች የሚባል ቫይረስ ዛሬም በተገለበጡ የጌም ሲዲዎች ውስጥ ሊተኛ ይችላል፤ ኤፕሪል 26 ሲደርስ ሃርድ ዲስኩን ይደመስሳል፣ በአንዳንድ ቦርድ ላይ ባዮሱንም ይጽፍበታል። አዲስ ማሽንን አይነካም። የሚመቸው በትክክል ይኸው ያንተ ዊንዶውስ 98 ነው።

ማሽኑ ሁለት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የተሠራ ጌም አይመስለኝም። ሀብ (ማሽኖችን የሚያገናኝ ሳጥን) አያስፈልግም። የኔትወርክ ገመዱን አንዱን ጫፍ በተለመደው አሰላለፍ አስረህ፣ በሌላው ጫፍ ብርቱካናማውን ጥንድ ከአረንጓዴው ጥንድ ጋር አቀያይር፤ 1 ወደ 3፣ 2 ወደ 6። ሪልቴክ 8139 ካርድ በየአሮጌው ማሽን አለ። በዊንዶውስ 98 ኔትወርክ ውስጥ አይፒኤክስ የሚለውን ጨምር፤ የዚያ ዘመን ጌሞች ብዙዎቹ አድራሻ ሳይጠይቁ በእሱ ይገናኛሉ። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ይሄዳልና በኮንዶሚኒየም ከብሎክ ብሎክ ይደርሳል። ነገር ግን በክረምት ውጭ ላይ ተዘርግቶ አይደር። መብረቅ ቅርብ ቦታ ሲወድቅ የሁለቱም ቤት ካርድ አብሮ ይሄዳል።

ማሽኑ አንድ ብቻ ሆኖ ተጫዋቹ ሁለት ከሆነ ወደ ዱሮው ጠብ እንመለሳለን። በአንድ ኪቦርድ ሁለት ሰው ፊፋ 98 ሲጫወት «ጫንኩ፣ አልሄደም!» የሚለው ክርክር ሰበብ አልነበረም። ተራ ኪቦርድ ቁልፎቹን በረድፍና በዓምድ ሽቦዎች መገናኛ ነው የሚያነባቸው። ሦስት ቁልፎች የአራት ማዕዘን ሦስት ጫፍ ላይ ከዋሉ አራተኛው የተጫነ ይሁን ያልተጫነ መለየት ስለማይችል ይዘለዋል። አንዱ ልጅ እየሮጠ ሲያቀብል ሌላው የሚሞክረው ኳስ ኪቦርዱ ውስጥ ይቀራል። ኮንትሮል፣ ኦልትና ሺፍት አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው መስመር ስላላቸው መምቻውን እነሱ ላይ ማድረግ ግማሹን ይፈታል። ሙሉ መፍትሔው የድምፅ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ባለ 15 ቀዳዳ የጌም ፖርት ነው። በማካፈያ ገመድ ሁለት ጆይስቲክ ይቀበላል፣ ግን በድምሩ አራት ቁልፍ ብቻ ነው የሚያነበው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ይደርሰዋል፣ በሁለት ቁልፍ ደግሞ ፊፋ አይሆንም። ስለዚህ ባለ አራት ቁልፍ ጌምፓድ አንድ ብቻ ሰክቶ፣ አንዱ በጌምፓድ ሌላው በኪቦርድ ይጫወት። ጌምፓዱን ማን እንደሚይዝ ጨዋታው ሳይጀመር ዕጣ ይውጣ፤ ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ቅያሬ።